አልድን ያለ ቁስል፦ የቆዳ ካንሰርን በጊዜ የመለየትና የመከላከል መመሪያ

ስለ ቆዳ ካንሰር የሚሰጠው ምክር አብዛኛው የተዘጋጀው ቆዳቸው ነጭ ለሆነና ፀሐይ ሲነካቸው ለሚቀሉ ሰዎች ነው። ኢትዮጵያዊ አንባቢ «ይህስ የፈረንጅ በሽታ ነው» ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም። እውነትም ጥቁር ቆዳ ከፀሐይ በእጅጉ የተጠበቀ ነው፤ ሜላኒን የተባለው ቀለም ጎጂውን ጨረር አብዛኛውን ከላይ ያስቀረዋል። ችግሩ ግን በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ በብዛት የሚታየው የቆዳ ካንሰር ፀሐይ የሚያመጣው አለመሆኑ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከቆየ ቁስል፣ ከልጅነት የቃጠሎ ጠባሳ ወይም ለዓመታት መግል ሲያፈስ ከኖረ እግር ነው።

የዚህ መመሪያ ዋና ቃል አንድ ነው፦ አዲስ የወጣ ቁስል በ4 ሳምንት ካልዳነ፣ ወይም የቆየ ቁስልና ጠባሳ ጠባዩን ከለወጠ፣ ቅባት ማቀያየሩን ያቁሙና ያስመርምሩት። የቀረው ሁሉ ይህን እንዴት እንደሚያደርጉና ከዚያ በፊት በሽታውን እንዴት እንደሚከላከሉ የሚያሳይ ነው።

በቅድሚያ፦ በሽታው ምንድን ነው?

ዋና ዋናዎቹ የቆዳ ካንሰር ዓይነቶች 3 ናቸው። ቤዛል ሴል ካርሲኖማ በዓለም ላይ በብዛት የሚገኘው ነው። በአብዛኛው ነጭ ቆዳ ያላቸውን ሰዎች ፊት ያጠቃል፤ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል እምብዛም አይሄድም። ሜላኖማ የቆዳን ቀለም ከሚያመርቱት ሕዋሳት ይነሳል፤ የሚይዛቸው ሰዎች ጥቂት ቢሆኑም ፈጥኖ ይሠራጫል። ሦስተኛው ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ይባላል። የሚነሳው የላይኛውን የቆዳ ንጣፍ ከሚሠሩት ሕዋሳት ሲሆን፣ በጥቁር አፍሪካውያን ላይ በብዛት የሚታየው እሱ ነው። መመሪያው በዋናነት ስለዚህ ዓይነቱ ነው፤ ሜላኖማን ደግሞ በቦታው እናነሳዋለን።

ቁስል እንዴት ካንሰር ይሆናል? ቆዳ በተጎዳ ቁጥር በዙሪያው ያሉ ሕዋሳት ክፍተቱን ለመሙላት ይባዛሉ። ቁስሉ ሳይደፈን ዓመታት ከቆየ፣ ወይም ጠባሳው በየጊዜው እየተሰነጠቀ እንደገና ከቆሰለ፣ መባዛቱ ማቆሚያ ያጣል። ሕዋስ በተባዛ ቁጥር ደግሞ በዘረ መሉ ላይ ስሕተት የመፈጠር ዕድል አለ። ስሕተቱ እየተደራረበ ሲሄድ ከሕዋሳቱ አንዱ ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ ማደግ ይጀምራል። ጠባሳ የደምና የሊምፍ ሥሮቹ ጥቂት ስለሆኑ የሰውነት መከላከያም እንደ ልቡ አይደርስለትም።

በቆየ ቁስልና በጠባሳ ላይ የሚወጣው ካንሰር «የማርዦሊን ቁስል» ይባላል። ስያሜውን ያገኘው በ1828 እ.ኤ.አ. ስለ እንዲህ ዓይነት ቁስሎች ከጻፈው ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ዣን ኒኮላ ማርዦሊን ነው። ከ100 የቃጠሎ ጠባሳዎች ወደ ካንሰር የሚለወጡት 1 ወይም 2 ያህሉ ናቸው፤ ስለዚህ ጠባሳ ያለበት ሰው ሁሉ ሊሸበር አይገባም። ሆኖም ሁለት ነገሮችን ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ከቃጠሎው እስከ ካንሰሩ ያለው ጊዜ በአማካይ 30 ዓመት ገደማ ነው። በ5 ዓመቱ ምድጃ ላይ የወደቀ ሕፃን በ35 ዓመቱ ጠባሳው ሲቆስል «ይህማ የድሮ ነው» ማለቱ የተለመደ ነው። ሁለተኛ፣ ፀሐይ የሚያመጣው ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚሠራጨው ከ100 ሰዎች ከ5 ባነሱት ላይ ሲሆን፣ ከጠባሳ የሚነሳው ግን ከ20 በሚበልጡት ላይ ሊሠራጭ ይችላል።

ደረጃ 1፦ ተጋላጭ መሆንዎን ይወቁ

ከሚከተሉት አንዱ እርስዎን ወይም ቤተሰብዎን የሚመለከት ከሆነ የቀሩትን ደረጃዎች በጥንቃቄ ይከተሉ።

• በእሳት፣ በፈላ ውኃ፣ በዘይት ወይም በኬሚካል ተቃጥለው ሰፊ ጠባሳ የቀረባቸው፤ በተለይ ጠባሳው ጉልበት፣ ክርን፣ ብብት ወይም ቁርጭምጭሚት ላይ ሆኖ በእንቅስቃሴ የሚሰነጠቅ ከሆነ።

• እግራቸው ላይ ለወራትና ለዓመታት ያልደፈነ ቁስል ያለባቸው፤ በሥጋ ደዌ ምክንያት ውስጥ እግራቸው ደንዝዞ የሚቆስል ሰዎችም እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

• አጥንታቸው አመርቅዞ በቆዳ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ መግል የሚያፈስ።

• አልቢኒዝም ያለባቸው። ሜላኒናቸው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ለእነሱ ዋናው ጠላት ፀሐይ ነው። ጥበቃ ካልተደረገላቸው በ20ዎቹና በ30ዎቹ ዕድሜያቸው ፊታቸው፣ ጆሯቸው፣ አንገታቸውና ከንፈራቸው ላይ ካንሰር ሊወጣ ይችላል።

• ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ያለ፣ ወይም ኩላሊት ተቀይሮላቸው የሰውነትን መከላከያ የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስዱ።

• ቆዳ የሚያነጣ ቅባት ለዓመታት የተቀቡ። ሴኔጋል ውስጥ እንዲህ ዓይነት ቅባት ለረጅም ጊዜ በተጠቀሙ ሴቶች ላይ ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ መታየቱን ሐኪሞች ዘግበዋል።

• ሲጋራ የሚያጨሱ፤ በተለይ የታችኛው ከንፈራቸው ለአደጋ የተጋለጠ ነው።

ደረጃ 2፦ በወር አንድ ጊዜ ገላዎን ይፈትሹ

የሚያስፈልግዎት በቂ ብርሃን፣ አንድ መስታወትና 10 ደቂቃ ነው። ገላዎን በሚታጠቡበት ቀን ቢያደርጉት አይረሳዎትም። እንዳይዘሉ ከላይ ወደ ታች በቅደም ተከተል ይሂዱ።

1. ፊት፣ ከንፈር፣ ጆሮና የጆሮ ጀርባ። ፀጉርን እየከፈሉ የራስ ቆዳን ይመልከቱ፤ ሹሩባ የሚሠራልዎ ሰው ካለ አዲስ ነገር ሲያይ እንዲነግርዎ ይጠይቁ።

2. አንገት፣ ደረት፣ ከጡት ሥር፣ ሆድ፣ ብብት።

3. ክንድ፣ መዳፍ፣ በጣቶች መካከል፣ የእጅ ጥፍር።

4. ጀርባና መቀመጫ። እዚህ የትዳር ጓደኛ ወይም የቅርብ ሰው ያስፈልጋል።

5. ብልትና የፊንጢጣ ዙሪያ። ሰው የሚያፍርበት ቦታ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከዘገየ በኋላ ነው፤ ኪንታሮት መስሎ የቆየ እብጠት ወይም ቁስል ካለ አይለፉት።

6. ጭን፣ ባት፣ ቁርጭምጭሚት፣ ተረከዝ፣ ውስጥ እግር፣ በእግር ጣቶች መካከል፣ የእግር ጥፍር። ጊዜ ወስደው የሚያዩት ይህን ክፍል ነው፤ የጥቁር ሰው የቆዳ ካንሰር አዘውትሮ የሚወጣው ከወገብ በታች ነውና። የጥፍር ቀለም ካለ ያስለቅቁ።

ጠባሳ ወይም የቆየ ቁስል ያለበት ሰው ማየት ብቻ አይበቃውም፤ በጣቱ ዳሰስ ያድርገው። በጠባሳው ውስጥ የጠጠረ፣ ከዙሪያው ከፍ ያለ ወይም ከሥሩ የተጣበቀ ነገር ካለ ዓይን ሳያየው እጅ ሊያገኘው ይችላል። መጨረሻ ላይ ብሽሽትን፣ ብብትንና አንገትን ይዳስሱ። ንፍፊት ካለና በ2 ወይም በ3 ሳምንት ካልጠፋ ለሐኪም ይንገሩ።

ደረጃ 3፦ ምልክቶቹን ይለዩ

በመጽሐፍ ላይ «የቀላ ነጠብጣብ» ተብሎ የሚገለጸው ምልክት በጥቁር ቆዳ ላይ ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል። ቡናማ፣ ወይን ጠጅ ወይም ጠቆር ያለ ግራጫ ይመስላል። ስለዚህ ከቀለሙ ይልቅ ቅርጹን፣ ጥንካሬውንና ጠባዩን ያስተውሉ።

በቆየ ቁስል ወይም ጠባሳ ላይ፦
• ቁስሉ መጥበቡን ትቶ መስፋት ጀመረ፤ ወይም ተደፍኖ የኖረ ጠባሳ ያለ ምክንያት ተከፈተ።
• የቁስሉ ዳር ወፍሮ፣ ጠጥሮና ወደ ውጭ ተገልብጦ ይታያል።
• ከመሐሉ ሥጋ መሳይ ነገር በቅሎ እንደ አበባ ጎመን እየተንዠረገገ ነው።
• በቀላሉ ይደማል።
• ሽታው ከቀድሞው ተለየ፤ ፈሳሹም በዛ።
• ሳያመው የኖረ ቁስል ማመም ጀመረ።

ከእነዚህ አንዱ ከታየ 4 ሳምንት መጠበቅ አያስፈልግም፤ በዚያው ሳምንት ይሂዱ።

ጤነኛ በነበረ ቆዳ ላይ፦ ሻካራ ቅርፊት ያለው፣ ቅርፊቱ ሲነሳ የሚደማ፣ እንደገና ቅርፊት የሚይዝ እብጠት፤ ኪንታሮት የመሰለ ግን በሳምንታት ውስጥ እየጨመረ የሚሄድ ነገር፤ ጥቁርና አብለጭላጭ ሆኖ መሐሉ የሚቆስል እብጠት።

ከንፈር ላይ፦ በታችኛው ከንፈር ያለ፣ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ከርሞ አንድ ቦታ ላይ አልድን ያለ ቁስል።

ዓይን ላይ፦ በነጩና በጥቁሩ የዓይን ክፍል ድንበር ላይ የወጣ፣ እያደገ የሚሄድ ነጣ ወይም ቀላ ያለ ሥጋ መሳይ ነገር። ይህ በነጩ የዓይን ክፍል ስስ ሽፋን ላይ የሚወጣ ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ሊሆን ይችላል። በምሥራቅ አፍሪካ ከብርቱ ፀሐይና ከኤች.አይ.ቪ. ጋር ተያይዞ ይታያል፤ የሚያየው የዓይን ሐኪም ነው።

መዳፍ፣ ውስጥ እግርና ጥፍር ላይ፦ እዚህ የሚፈራው ሜላኖማ ነው። በውስጥ እግር ላይ የወጣ፣ ዳሩ የተዛነፈ፣ ቀለሙ የተደባለቀና እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ምልክት ይመርመር። ከጥፍር ሥር እስከ ጫፍ የሚሄድ ጥቁር መስመር በጥቁር ሰዎች ላይ የተለመደ ነው፤ በብዙ ጣቶች ላይ ለዓመታት ከኖረ ብዙም አያሰጋም። አንድ ጣት ላይ ብቻ አዲስ ከወጣ፣ ከ3 ሚሊ ሜትር ከሰፋ፣ ጥፍሩን ከሰነጠቀ ወይም ጥቁረቱ ከጥፍሩ አልፎ ወደ ቆዳው ከፈሰሰ ግን ያሳዩት። የሬጌው ንጉሥ ቦብ ማርሌ በ1977 እ.ኤ.አ. በእግር ጣቱ ጥፍር ሥር የተገኘበት ይህ ዓይነቱ ካንሰር ነበር፤ መጀመሪያ ላይ የእግር ኳስ ጉዳት ተደርጎ ታይቷል። በ1981 እ.ኤ.አ. በ36 ዓመቱ ሲሞት በሽታው ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ተሠራጭቶ ነበር።

ከልደት ጀምሮ ያለ፣ «ማርያም የሳመችው» የምንለው ምልክት ሳይለወጥ ከኖረ አያሰጋም። ዋናው ጥያቄ መኖሩ ሳይሆን መለወጡ ነው። ሕመም አለመኖሩም ማረጋገጫ አይሆንም፤ ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም።

ደረጃ 4፦ ያዩትን ይመዝግቡ

ዓይን ይረሳል፤ በየቀኑ የሚታይ ነገር ደግሞ ያልተለወጠ ይመስላል። በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ከቁስሉ አጠገብ የአንድ ብር ሳንቲም ያስቀምጡ፤ ከሳንቲሙ ጋር በማነጻጸር መስፋቱን ያውቃሉ። በየ2 ሳምንቱ፣ በዚያው ብርሃን፣ በዚያው ርቀት ይድገሙት። ከፎቶው ጋር መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደቀቡት፣ የትኛውን መድኃኒት ለስንት ቀን እንደወሰዱ በአጭሩ ይጻፉ። ይህ ማስታወሻ ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ብዙ ጥያቄ ይቆጥብልዎታል። መመዝገቡ ግን ቀጠሮ ማራዘሚያ እንዳይሆን፤ 4ኛው ሳምንት ሲሞላ ይሂዱ።

ደረጃ 5፦ ወደ ሕክምና ይሂዱ፣ ናሙና ይጠይቁ

የት? ጤና ጣቢያ ይጀምሩ። ገጠር ከሆኑ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መንገዱን ታሳይዎታለች። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት መያዝዎን አይርሱ፤ ያለ እሱ በሆስፒታል ከኪስዎ ሊከፍሉ ይችላሉ። የቆዳ ሐኪም ከሚገኝባቸው ስመ ጥር ተቋማት መካከል በሥጋ ደዌ ሕክምና የሚታወቀው የአዲስ አበባው አለርት ሆስፒታልና የደቡብ ወሎው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይገኙበታል። ለካንሰር የጨረር ሕክምና ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የቆየው ማዕከል ነው።

ምን ይበሉ? «ቁስል አለብኝ» ብቻ ካሉ ፀረ ተሕዋስ መድኃኒትና ቅባት ተሰጥቶዎት ሊመለሱ ይችላሉ። እንዲህ ይበሉ፦ «ይህ ቁስል ይህን ያህል ጊዜ ሆኖታል፤ ከዚህ ቀን ጀምሮ ተለውጧል፤ ካንሰር አለመሆኑ በናሙና ይረጋገጥልኝ።» ለቁስሉ ተገቢውን ሕክምና አግኝተው በ3 ወር ውስጥ መሻሻል ካልታየ ናሙና መጠየቅ መብትዎ ብቻ ሳይሆን ትክክለኛው አሠራርም ነው።

ናሙና መውሰድ፣ ሐኪሞች ባዮፕሲ የሚሉት፣ ቀላል ሥራ ነው። ቦታው በመርፌ ደንዝዞ ትንሽ ቁራጭ ተቆርጦ ወደ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ይላካል። ከቆየ ቁስል ሲወሰድ ከዳሩና ከአንድ በላይ ቦታ መሆን አለበት፤ ካንሰሩ በአንዱ ጥግ ብቻ ሊኖር ይችላልና። ውጤቱ «ካንሰር የለም» ብሎ ቁስሉ ግን መስፋቱን ከቀጠለ ናሙናው ይደገም። የውጤቱን ወረቀት ቅጂ ይያዙ።

«ብረት ከነካው ይበተናል» የሚለው ወሬ ብዙ ሰው ከናሙና አሽሽቷል። ካንሰር የሚሠራጨው ሳይነካ ስለቆየ እንጂ ሐኪም ናሙና ስለወሰደ አይደለም። ወሬው የተወለደው ብዙዎች ቀዶ ሕክምና የሚደርሱት በሽታው ከሠረፀ በኋላ በመሆኑ ነው። ከቢላው በኋላ የመጣው ሞት ሁሉ በቢላው ይመካኛል።

ጠበል የሚሄድ ሰው ጠበሉን ትቶ ይምጣ አንልም፤ ሁለቱን አብሮ መያዝ ይችላል። ጸሎቱ የሐኪም ቀጠሮ አያስቀርም፤ ቀጠሮውም ጸሎቱን አይከለክልም። መደረግ የሌለበት ቁስሉ ላይ አመድ፣ እበት፣ የባትሪ ድንጋይ ዱቄት፣ የሚያቃጥል ቅጠል መለጠፍ ወይም በጋለ ብረት መተኮስ ነው። እነዚህ ቁስሉን ያሰፉታል፤ ምልክቱን ይሸፍናሉ፤ ለሐኪሙም ምርመራውን ያከብዱበታል።

ደረጃ 6፦ ውጤቱ ካንሰር ከሆነ

አይደንግጡ ማለት ከንቱ ነው፤ ግን በጊዜ የተገኘ የዚህ ዓይነት ካንሰር በቀዶ ሕክምና ሊድን የሚችል መሆኑን ይወቁ። ሐኪሙ እብጠቱን በዙሪያው ካለ ጤነኛ መሳይ ቆዳ ጋር ጨምሮ ያወጣዋል። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ከጭን ወይም ከሌላ ቦታ ስስ ቆዳ ተነስቶ ይለጠፍበታል። ካንሰሩ አጥንት ወይም መገጣጠሚያ ውስጥ ከገባ እግር ወይም እጅ መቁረጥ የሕይወት ማትረፊያ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚፈራው ይህን ነው፤ የሚያስቀረውም ቶሎ መምጣት ነው። ንፍፊቱ ውስጥ ከተገኘ እሱም ይወጣል፤ እንደ ሁኔታው የጨረር ሕክምና ይታከላል።

ለሐኪምዎ የሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች፦
• የወጣው ሥጋ ዳሩ ንጹሕ ነው? ካንሰሩ ዳሩ ላይ ከደረሰ እንደገና መቆረጥ ሊኖርበት ይችላል።
• ብሽሽቴ ወይም ብብቴ ተመርምሯል?
• ቀጣዩ ክትትል መቼ ነው? ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ነው፤ ስለዚህ በየ3 እስከ 6 ወሩ መታየት ያስፈልጋል።

ለቤተሰብ ደግሞ አንድ ነገር፦ ካንሰር አይተላለፍም። ዕቃ መለየት፣ መኝታ ማራቅ አያስፈልግም። ሽታው የሚያሳፍረው ሕመምተኛ ራሱን ከሰው ያርቃል፤ ቁስሉን በየቀኑ በማጠብና በንጹሕ ፋሻ በመሸፈን ሽታውን መቀነስ ይቻላል።

ደረጃ 7፦ ይከላከሉ

ሀ. ቃጠሎን። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የዚህ ካንሰር መከላከያ የሚጀምረው ከምድጃ ዳር ነው። ጉልቻውንና የከሰል ምድጃውን ሕፃን ከሚድህበት ወለል ከፍ ያድርጉ ወይም በዙሪያው ይከልሉ። የፈላ ድስትና ጀበና ሕፃን ከሚደርስበት ያርቁ፤ ነጭ ጋዝ በውኃ ጠርሙስ አያስቀምጡ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ብቻውን እሳት አጠገብ እንዳይሠራ ያድርጉ፤ መድኃኒቱንም እንዳያቋርጥ ያግዙት። ሲወድቅ ፈጥነው ከእሳቱ ያውጡት፤ በሽታው በመንካትም ሆነ በአረፋው አይተላለፍም።

ቃጠሎ ከደረሰ ልብስና ጌጥ አውልቀው ቦታውን ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ያብርዱት። በረዶ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ዘይት፣ የቡና ዱቄት አይጠቀሙ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። በ3 ሳምንት የማይድን ጥልቅ ቃጠሎ ቆዳ ሊለጠፍለት ይገባል፤ በአዲስ አበባ የየካቲት 12 ሆስፒታል ለቃጠሎ ሕክምና ይታወቃል። ቆዳ ተለጥፎለት በቶሎ የዳነ ቃጠሎ ራሱ እንዲደፈን ከተተወው ይልቅ ለካንሰር የመጋለጥ ዕድሉ ያነሰ ነው። ጠባሳ ቆዳውን ሰብስቦ ክርን ወይም ጉልበት እንዳይዘረጋ ካደረገም በቀዶ ሕክምና ሊፈታ ይችላል። ከዚያ በኋላ ጠባሳውን በየቀኑ ቫዝሊን በመቀባት ያለስልሱት፤ ከግጭትና ከመፋቅ ይጠብቁት።

ለ. ቁስልን። የእግር ቁስልን በየቀኑ በንጹሕ ውኃና ሳሙና ያጥቡ፤ በንጹሕ ፋሻ ይሸፍኑ፤ ሲቀመጡ እግርዎን ከፍ ያድርጉ፤ በጫማ ይሂዱ። ውስጥ እግሩ የደነዘዘበት ሰው በየማታው እግሩን ይይ፤ ስኳር ያለበትም እንዲሁ። ከአጥንት የሚፈስ መግል በክኒን ብቻ የማይቆም ከሆነ የሞተው አጥንት እንዲወጣ ቀዶ ሐኪም ያማክሩ።

ሐ. ፀሐይን። ይህ ክፍል ከማንም በላይ አልቢኒዝም ላለባቸው ነው። ከባሕር ወለል በየ1,000 ሜትሩ ከፍ ባልን ቁጥር የፀሐይ ጎጂ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ለምድር ወገብም ቅርብ ናት። ስለዚህ የደጋው አየር ቢቀዘቅዝም ጨረሩ አይቀዘቅዝም፤ ስስ ደመናም አብዛኛውን ያሳልፈዋል።

• ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት በተቻለ መጠን ጥላ ውስጥ ይዋሉ።
• ረጅም እጅጌና ረጅም ሱሪ ወይም ቀሚስ ይልበሱ፤ ሽመናው የጠበቀ ጨርቅ ይምረጡ። ስስ ነጠላ ብቻውን ጨረሩን አያግድም።
• ጆሮና አንገትን የሚሸፍን ባለ ሰፊ ክፈፍ ባርኔጣ ያድርጉ፤ ኬፕ ጆሮን አይከልልም። ጨረር የሚከላከል መነጽርም አይለይዎ።
• ኤስ.ፒ.ኤፍ. 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ከመውጣትዎ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቀድመው ይቀቡ፤ ውጭ ከዋሉ በየ2 ሰዓቱ ይድገሙት። ጆሮን፣ የአንገት ጀርባንና ከንፈርን አይርሱ። ቅባቱ ውድ ከሆነብዎ ገንዘቡን አስቀድመው ለባርኔጣና ለልብስ ያውሉት።
• ልጅዎ አልቢኒዝም ካለበት ከመምህሩ ጋር ተነጋግረው ከመስኮት ፀሐይ ርቆ ግን ለሰሌዳው ቀርቦ እንዲቀመጥ፣ በስፖርትና በሰልፍ ሰዓት ባርኔጣ እንዲያደርግ ያስፈቅዱ። በየ6 ወሩ የቆዳ ሐኪም ይየው። ካንሰር ሳይሆኑ የተገኙ ሻካራ ነጠብጣቦችን በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዞ ማጥፋት ይቻላል።

የቀረው ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው አልቢኒዝም ያለበትን ሰው ያህል ጥንቃቄ አያስፈልገውም። ሜዳ ላይ የሚውል ገበሬ፣ እረኛ፣ የግንባታ ሠራተኛና የትራፊክ ፖሊስ ባርኔጣ ቢያደርግ ለዓይኑም ለከንፈሩም ይበጀዋል።

መ. የሚያነጣ ቅባትን ያቁሙ። ሃይድሮኪኖን፣ ሜርኩሪና ብርቱ ስቴሮይድ ያለባቸው ቅባቶች የሚያጠፉት ያንኑ ከፀሐይ የሚጠብቅዎትን ሜላኒን ነው። ስቴሮይድ ያለበትን ለረጅም ጊዜ ሲቀቡ ከኖሩ በድንገት ከመተው ይልቅ የቆዳ ሐኪም አማክረው ያቁሙ።

ሠ. ሲጋራ ያቁሙ፤ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይውሰዱ።

ባሕር ማዶ ላሉ ወገኖች

በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በእስራኤል የሚኖሩ ከሆነ የቆዳ ሐኪም ሲያዩ ካልሲዎን አውልቀው ውስጥ እግርዎንና ጥፍርዎን እንዲመለከት ይጠይቁ። ብዙው የምርመራ ልማድ ፀሐይ በሚያገኘው ቆዳ ላይ ያተኩራል፤ የድሮ ጠባሳዎንም እርስዎ ካላነሱት ላይጠየቁ ይችላሉ። በዓረብ አገር ቤት ውስጥ የሚሠሩ እህቶች በዘይት፣ በካውያ ወይም በጽዳት ኬሚካል ከተቃጠሉ በቤት ውስጥ ቅባት ሳያሳልፉት ሕክምና ይጠይቁ፤ ሲመለሱም ጠባሳውን ለሐኪም ያሳዩ።

ለማስታወስ፦ መቼ ይሄዳሉ?

በዚህ ሳምንት፦ የቆየ ቁስል ወይም ጠባሳ ሰፋ፣ ዳሩ ጠጠረ፣ ሥጋ አበቀለ፣ ደማ፣ ሽታው ተለወጠ፤ ዓይን ላይ ሥጋ መሳይ ነገር እያደገ ነው፤ የአንድ ጥፍር ጥቁረት ወደ ቆዳው ፈሰሰ።

4ኛው ሳምንት ሲሞላ፦ አዲስ ቁስል ወይም ቅርፊት አልድን አለ፤ ከንፈር ላይ ያለ ስንጥቅ አልደፈን አለ።

በየ6 ወሩ፦ አልቢኒዝም ያለበት ሰው። ሰፊ የቃጠሎ ጠባሳ ያለበት ደግሞ ለውጥ ባይኖርም በዓመት አንድ ጊዜ ለጤና ባለሙያ ያሳይ።

በብዙ ቤት ቁስሉን ደብቀው የሚኖሩት አባትና እናት ናቸው። ልጅን ላለማስቸገር፣ ገንዘብ ላለማስወጣት ሲሉ እግራቸውን በጋቢ ሸፍነው ይቀመጣሉ። «እንዴት ነው ደህና ነዎት?» ብለው ሲጠይቋቸው «ተመስገን» ነው መልሱ። ስለዚህ ጥያቄውን ይለውጡ፦ «አባባ፣ እግርዎን ልጠብዎት» ይበሉ። እያጠቡ ይዩት፤ ጠርዙን ይዳስሱት፤ ፎቶ ያንሱት። ካሠጋዎትም የሐኪም ቀጠሮውን ይያዙና አብረዋቸው ይሂዱ።